ግንድ መደገፊያ፦ የብየዳ ቤት ብረት ወይስ የቤት አጠና?

«ያን ግንድ ደግፈህ የምትቆርጥበትን ከየት ገዛኸው?» ግቢዬ የገባ ሁሉ ይጠይቀኛል። አልገዛሁትም። የገዛሁትማ ከዶሮ ቤቱ ጀርባ ዝጎ ተኝቷል።

ብረት ነበር። እዚሁ ባሕር ዳር አንድ ብየዳ ቤት በ4,200 ብር ሠራልኝ። «ቱቦላሬው (ውስጡ ክፍት የሆነው ብረት) የግድግዳው ውፍረት 1.5 ሚሊ ነው» ተባልኩ። እግሩ ተጣሞ ሲቆረጥ ግን 1 ሚሊ መሙላቱንም እንጃ። ማስጠገኛ 350 ብር፤ እሱም መብራት ጠፍቶ ሁለት ቀን ተመላልሼ። ክረምት ሲገባ ብየዳው ላይ ዝገት ጀመረው። ይሄ ሁሉ ይቅር፤ ያንገበገበኝ መጋዙ ነው። እጄ ትንሽ አለፍ ሲል ብረቱን ነካና ጥርሱ ረገፈ። አዲስ መጋዝ፣ 900 ብር። ደምሩት፦ 5,450!

የአጠናው ሒሳብ ይኸውና። ከቅዳሜ ገበያ ሁለት ወፍራም የባሕር ዛፍ አጠና 440 ብር። ሁለት ረጅም ብሎን ከነዳዶው፣ ከነሮንዴላው 140። ጋሪ 100። ሚስማር ቤት ነበረኝ። በቃ፣ 680 ብር። መጋዙ ቢስትም የሚነካው እንጨት ነው።

አራት እግር ቁረጡ፣ 1 ሜትር ከ20 የሚሆን። ሁለት ሁለቱን አመሳቅላችሁ፣ ከታች 75 ሳንቲም ላይ በትራፓኖ ብሱና በብሎን እሰሩ። መገናኛውን በሚስማር ብቻ የሚመቱ አሉ፤ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሚስማሩም ይላላል። ከእግሮቹ መሃል ዝቅ አድርጋችሁ አግዳሚ ካልመታችሁ ደግሞ እንደ መቀስ ይከፈታል። ከዚያ ሁለቱን መስቀሎች 50 ሳንቲም ያህል አራርቃችሁ ማያያዝ ነው። ግንዱን በሁለቱ መስቀሎች አናት ላይ አጋድሙት፤ ስትቆርጡ ከመስቀሎቹ ውጭ በተንጠለጠለው በኩል ይሁን። መሃሉን ከቆረጣችሁት ግንዱ ይረግብና መጋዙን ይነክሳል።

ቀኑን ሙሉ ማገዶ እየቆረጠ የሚሸጥ ሰው ብረት ቢል አልፈርድበትም። ግን ቱቦላሬውን ራሱ ገዝቶ፣ አፉን በካሊፐር ለክቶ ለበያጁ ይስጥ።

አጠናው ጠላት የለውም አልልም። ምስጥ አለ። የእግሮቹን ጫፍ የተቃጠለ ዘይት ቀብቼ ድንጋይ ላይ ባቆመውም ባለፈው ክረምት አንዱን ከሥሩ በላብኝ። ብሎኑን ፈታሁ፣ ከተረፈው አጠና አንድ ቁራጭ አስገባሁ። ቡና እስኪፈላ እንኳ አልቆየሁም፤ አምስት ሳንቲምም አላወጣሁ።