ደብረ ማርቆስ ላይ አረጋዊ የሚንከባከብ ለምትፈልጉ (ምስጋናም ጭምር ነው)

ሰላም የማርቆስ፣ የቢቸና፣ የደጀን፣ የሉማሜ ልጆች እንዴት ናችሁ። ሰሞኑን "አያትሽን የት ነው ያስገባሽው፣ ጥሩ ናቸው ወይ" የምትሉኝ ስለበዛችሁ ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው፣ ደግሞም ሳላመሰግናት ልቀር የማይገባ ሰው አለች።

አያቴ የቅኔ መምህር ናቸው፣ አገሩ በሙሉ የኔታ ነው የሚላቸው። ስትሮክ መቷቸው ግራ ጎናቸው ከደከመ በኋላ ቤት ይዘናቸው ነበር፣ ግን እናቴም ወገቧን ያማታል እኛም ግማሻችን ባሕር ዳር ግማሻችን አዲስ አበባ ነን፣ ስለዚህ ማርቆስ ያለች አንዲት ትንሽ የአረጋውያን መኖሪያ ገቡ። አዎ፣ "ሽማግሌውን አውጥተው ሰጡ" ያለ ዘመድ አለ፣ እሱ ሰውዬ ግን ሌሊት ተነስቶ ሲያገላብጣቸው አላየነውም እና እንለፈው።

ነርሷን በስሟ አልጠራትም፣ ራሷ እንዳትለጥፊኝ ብላኛለች፣ ሲስተር እያልኩ ልቀጥል። መጀመሪያ ልቤን የወሰደችው ሸሚዝ ስትቀይርላቸው ነው። ስታለብስ የደከመውን እጅ ነው ቀድማ የምታስገባው፣ ስታወልቅ ደግሞ ጤነኛውን ታስቀድምና የደከመው መጨረሻ ይወጣል። ለምን ስላት ስትሮክ የመታውን እጅ ከጎተትሽው ወይ በብብት ይዘሽ ካነሳሽ ትከሻው ከቦታው ይናጋል፣ ከዚያ በኋላ ህመሙ አያስተኛም አለችኝ። ይሄን እኮ ሆስፒታል ስንወጣ የነገረን የለም፣ መድኃኒት ጽፈው ደህና ሁኑ ነው ያሉን።

ምግብ ላይ ደግሞ ቀልድ የለም። ቀጥ አድርገው አስቀምጠው፣ ትንሽ ትንሽ እየሰጡ፣ የጎረሱትን መዋጣቸውን አይተው ነው የሚቀጥሉት፣ ከበሉም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል አያስተኟቸውም። ጉሮሮ ሲሰንፍ ቀጭን ነገር ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል፣ ያ ደግሞ የሳንባ ምች ያመጣል፣ ለዚህ ነው ሐኪሙ መዋጣቸውን አይቶ ወፈር ያለ ነገር ይሻላቸዋል ያለው፣ አጥሚቱንም በዚያው ልክ ያወፍሩላቸዋል። በደከመው ጉንጭ በኩል እንጀራ ተወሽቆ ይቀራል፣ እሱንም አፋቸውን ከፍተው ያያሉ። አክስቴ ከቢቸና መጥታ አንድ ትልቅ ጉርሻ ላጉርሳቸው ስትል ሲስተር ከለከለቻት፣ እስከ ዛሬ ተቀይማለች።

የአልጋ ቁስል የሚባለውን ነገር ያየ ያውቀዋል፣ አጥንት እስኪታይ ይበላል። እነሱ ጋ ራሳቸው መዞር የማይችሉትን ሁሉ በየ2 ሰዓቱ ያገላብጣሉ፣ ሌሊትም ጭምር፣ ከአልጋው በላይ ወረቀት ተለጥፏል ስንት ሰዓት ላይ በየትኛው ጎን ማን እንዳስተኛቸው ተጽፎ። ባታቸው ስር ትራስ ገብቶ ተረከዛቸው ፍራሹን አይነካም። ቁስል ሲጀምር ይቀላል ይባላል አይደል፣ እኛ ጠቆር ያልን ሰዎች ላይ ግን ቅላቱ ላይታይ ይችላል፣ ስለዚህ ሲስተር ዳሌያቸውንና ተረከዛቸውን በእጇ እየዳሰሰች ነው የምታየው፣ ከሌላው ገላ የሞቀ ወይ ጠንከር ያለ ቦታ ካገኘች በዚያ ጎን አታስተኛም።

ፍልሰታ ሲገባ ደግሞ ጉድ ፈላ። የኔታ እጾማለሁ፣ ቅዳሴ ሳይወጣ ውሃም የግፊት ኪኒንም አልቀምስም አሉ። ሌላ ሰው ቢሆን ወይ ይጮህባቸዋል ወይ ኪኒኑን በምግብ ደብቆ ይሰጣቸዋል (ይሄን የሚያደርጉ አሉ፣ እኔ አልወደውም፣ ሰውየው አእምሮው ሙሉ እያለ ማታለል ነው)። ሲስተር የንስሐ አባታቸውን አስጠራች። አባ መጥተው ለታመመ ሰው ጾሙ እንደማይጠበቅበት በእርጋታ ነገሯቸው፣ በመጨረሻ ኪኒኑን በሰዓቱ ሊወስዱ፣ ጠዋትም ሊቀምሱ፣ ምግባቸው ግን የጾም ሊሆን ተስማሙ። ያስማማቻቸው በልመና ነው፣ በትዕዛዝ ቢሆን የኔታ እስከ ዛሬም አይሰሟት።

ተማሪዎቻቸውም አልቀሩባቸውም። ልጆቹ ከሰዓት በኋላ መጥተው አልጋቸው አጠገብ ቅኔ ይነግራሉ፣ እሳቸው ያርማሉ፣ ሲስተር የገላ መታጠቢያውን ሰዓት ለዚህ ብላ ወደ ጠዋት አዞረችው። ስትገባ በር ታንኳኳለች፣ ዳይፐር ስትቀይር መጋረጃ ትስባለች። መስከረም 21 የአረጋውያን ቀን ሲደርስ ብርድ ልብስና ካሜራ ይዞ የሚመጣ አይጠፋም፣ እሷ ግን ብርድ ልብሱን ተቀብላ ካሜራውን በር ላይ ነው የምታስቀረው፣ መጀመሪያ ባለቤቱን ፈቃድ ጠይቁ ትላለች። በዚህም ኩራተኛ ናት የሚሏት አሉ። ይበሏት።

ጉድለት የለም አልልም። ክረምት ላይ መንገዱ ጭቃ ነው፣ በዊልቸር ለማውጣት ሁለት ሰው ይፈልጋል። ፊዚዮ (የደከመውን ጎን የሚያንቀሳቅስ የእንቅስቃሴ ሕክምና) ግቢው ውስጥ የለም፣ ሆስፒታል መመላለስ ነው። ልብስ ይቀያየራል፣ የአያቴን ጋቢ አንድ ሌላ አባት ለብሰውት አይቻለሁ፣ ስም ጽፋችሁ ስጡ። ክፍያውም ቀላል አይደለም፣ እንደ ሰውየው ሁኔታ ይለያያል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን ይረዳል ይላል፣ አቅሙ እስኪፈቅድ ከፋዩ ቤተሰብ ነው እንግዲህ።

ሌላ ቦታም የምታዩ ካላችሁ ሳትነግሩ በምሳ ሰዓት ሂዱ፣ የማገላበጫ ወረቀት ካለ አሳዩኝ በሉ፣ ሌሊት ስንት ሰው እንደሚያድር ጠይቁ፣ ደግሞ ሽማግሌዎቹን ራሳቸውን ለብቻ አነጋግሩ።

ሲስተር፣ እግዜር ይስጥልን፣ ከእኛ ከልጅ ልጆቹ በላይ ሆነሻል። ስልኳን የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ እሷን ጠይቄ ነው የምሰጠው። አሁን ባዶ አልጋ ያለው በወንዶቹ ክፍል ብቻ ነው፣ ለእናቶች ተራ መጠበቅ ነው።