የአባቴን የምርመራ ወረቀት ቁጭ ብለው ላስረዱን የባሕር ዳር ሐኪም የቀረበ ምስጋና

ይህን ምስጋና የምጽፈው በባሕር ዳር ከተማ ለሚያገለግሉ አንድ የሽንት ቧንቧና የፕሮስቴት ሕክምና ስፔሻሊስት ነው። ስማቸው በአደባባይ እንዳይወጣ ስለጠየቁኝ አልጠቅሰውም፤ ነገር ግን የፕሮስቴት ካንሰር ቀዶ ሕክምና የተደረገለት አባት፣ ባል ወይም ወንድም ኖሯችሁ በውጤቱ የተጨነቃችሁ ሁሉ በውስጥ መስመር ብትጽፉልኝ የት እንደሚገኙ ወዲያውኑ እነግራችኋለሁ።

አባቴ ዘጌ ላይ ቡናና ጌሾ ሲያለማ የኖረ፣ ሕመሙን ለሰው መናገር የማይወድ ሰው ነው። ፕሮስቴቱ፣ ማለትም ከሽንት ፊኛ ሥር ያለው የወንዶች ዕጢ፣ በቀዶ ሕክምና ሙሉ በሙሉ ከወጣለት በኋላ ያሳለፍነው ጊዜ ከቀዶ ሕክምናው ራሱ ከፋብን። የፓቶሎጂ ውጤቱን፣ ማለትም የወጣው ዕጢ በላቦራቶሪ ተመርምሮ የተገኘውን፣ የሰጠን ባለሙያ ኮሪደር ላይ እንደቆመ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ጠርዙ ላይ ካንሰር አለ፤ አልጸዳም» ብሎን የሚቀጥለውን ስም ጠራ። ሌላ ቦታ ደግሞ ቁስሉ በቅጡ ሳይሽር ፒኤስኤ የሚባለውን፣ ፕሮስቴት የሚያመነጨውን ንጥረ ነገር በደም ውስጥ የሚለካውን ምርመራ አሠርተው፣ ቁጥሩ ገና ስላልወረደ ብቻ «ይኸው ተመልሷል» አሉን። ከዚያ በኋላ የሄድንበት ቦታ ወረቀቱን እንኳ ሳይገልጡ ውጭ አገር መታከም እንዳለበት ነገሩን፤ ወጪውንም በዶላር አሰሉልን። እናቴ የቡናውን ቦታ በኮንትራት ስለመስጠት ማውራት ጀመረች። እኔን ከሁሉም በላይ ያንገበገበኝ ግን አባቴ ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ ሳለ ስለ እሱ ለእኔ ብቻ መናገራቸው ነው።

እኒህ ሐኪም ወረቀቱን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በጸጥታ አነበቡት። ከዚያ ወንበራቸውን ወደ አባቴ አዙረው፣ «አባቴ፣ እስካሁን ምን ብለው ነገሩዎት?» ሲሉ ጠየቁት። አባቴም ሆዱ ውስጥ ቀለም እንደተጨመረበትና ካንሰሩ ከቀለሙ ጋር እንደቀረ መስማቱን ነገራቸው። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ይህን ይዞ ነበር ዝም ያለው! ሐኪሙ አልሳቁም። ሰማያዊ እስክሪብቶ አንስተው የራሳቸውን አውራ ጣት ጫፍ ቀቡና ቀለሙ የሚቀባው ከሰውነቱ ወጥቶ ላቦራቶሪ በደረሰው ዕጢ የውጭ ጠርዝ ላይ እንደሆነ አሳዩት። በማይክሮስኮፕ ሲታይ የካንሰር ሕዋስ ያንን ቀለም ነክቶ ከተገኘ ጠርዙ ንጹሕ አይደለም ይባላል፤ ይህ ግን ካንሰሩ በእርግጥ ሰውነቱ ውስጥ ቀርቷል ማለት አይደለም። የመመለስ ዕድሉ ጠርዙ ንጹሕ ከሆነለት ሰው ከፍ እንደሚል ሳይሸሽጉ ነገሩት፤ ሆኖም እንዲህ ከተባሉት ብዙዎቹ እንደማይመለስባቸው፣ ጠርዙ ንጹሕ ነው ከተባሉትም የሚመለስባቸው እንዳሉ አስረዱት። ስለ ካንሰሩ ደረጃ ያሉትን ቁጥሮች እኔ እስካሁን አልተረዳኋቸውም፤ አባቴ ግን ጣታቸውን አይቶ ገብቶታል።

የፒኤስኤው ነገርም ቸኩለው ያሠሩት ስለነበር እንደሆነ ገለጹልን። ፕሮስቴቱ ቢወጣም በደም ውስጥ የቆየው እስኪጠፋ ጊዜ ስለሚወስድ፣ ምርመራው ቀዶ ሕክምናው ከተደረገ ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ቢሠራ እንደሚሻል፣ ከዚያም ቁጥሩን ለማነጻጸር በየጊዜው እዚያው ላቦራቶሪ እንድናሠራ መከሩን። ቁጥሩ 0.2 ደርሶ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ ስለ ጨረር ሕክምና እንነጋገራለን፣ እስከዚያ ግን ምንም አትሽጡ አሉን። ጊዜው ደርሶ ሲመረመር ውጤቱ ከ0.1 በታች ሆነ። የክትትሉን ቀናት በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ በአማርኛ፣ በራሳቸው እጅ ጽፈው ስለሰጡት አባቴ አሁን ቀጠሮውን የሚያስታውሰን እሱ ራሱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በዚያው ቀን እኔን ውጭ እንድጠብቅ በትሕትና ጠይቀውኝ ከአባቴ ጋር ብቻቸውን ቆዩ። ምን እንደተነጋገሩ የሰማሁት ቆይቶ ከእናቴ ነው፤ ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ሽንቱ እያመለጠው ለማንም መናገር አፍሮ ኖሯል። ብዙ ሰው ላይ እንደሚደርስና በአብዛኛው በጊዜ ሂደት እየተሻለ እንደሚሄድ ነግረው፣ ጡንቻውን የሚያጠነክርበትን እንቅስቃሴ አሳይተውታል። ቤተ ክርስቲያን መሄድ አቁሞ የነበረው በዚሁ ምክንያት መሆኑን ማናችንም አላወቅንም ነበር። ሴት ልጁ ፊት ይህን እንደማይናገር የገባቸው እሳቸው ብቻ ናቸው።

ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፤ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። እናንተም ይህን ወረቀት ይዛችሁ እንቅልፍ ያጣችሁ ቤተሰቦች፣ እባካችሁ መሬትና ከብት ከመሸጣችሁ በፊት እኒህን ሐኪም አማክሩ፤ ደግሜ እላለሁ፣ አማክሩ። ስትሄዱ ዋናውን የፓቶሎጂ ወረቀትና እስካሁን የተሠሩትን የፒኤስኤ ውጤቶች በሙሉ ከነቀናቸው ያዙ፤ ታማሚውንም ቤት ትታችሁት እንዳትሄዱ፣ መጀመሪያ የሚያነጋግሩት እሱን ነውና። ሰልፉ ረጅም ስለሆነ በጠዋት ተነሡ፤ ከዘጌ በጀልባ የምትመጡም በዋዜማው ከተማ ብታድሩ ይሻላል።