ለወገብ ሕመም ዲኮምፕሬሽን ማሽን ወይስ ፊዚዮቴራፒ?

ጅማ ውስጥ ወገቡን የሚያመው ሰው ብዙ ነው። የቡና ጆንያ ተሸካሚው፣ ቀኑን ሙሉ ባጃጅ ላይ የሚውለው፣ ጎንበስ ብላ ልብስ የምታጥበው። ሕመሙ ሲበረታ ደግሞ የማይመክር የለም። አንዱ ወጌሻ ይላል። ሌላው ስልኩን አውጥቶ «ያለ ኦፕራሲዮን ዲስክ የሚመልስ ማሽን» የሚል ማስታወቂያ ያሳያል።

ማሽኑ ዲኮምፕሬሽን ይባላል። አልጋው ለሁለት የተከፈለ ነው። ደረትና ዳሌ በቀበቶ ይታሰራል። ከዚያ ኮምፒውተሩ ወገብን ቀስ አድርጎ ይስባል፣ ይለቃል፣ ደግሞ ይስባል። ሐሳቡ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ጫና ሲቀንስ ዲስኩ፣ ማለትም በአጥንቶቹ መካከል ያለው ለስላሳ ትራስ፣ ይሰበሰባል፣ የተጫነው ነርቭም ነፃ ይወጣል ነው። አንዱ ዙር ከግማሽ ሰዓት ብዙም አያልፍም። ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ግን በጥቅል ነው፤ 20 ዙር ገደማ፣ በበርካታ ሳምንታት። ከአልጋው ሲነሱ ቀለል የሚላቸው ሰዎች አሉ።

ቀለል ማለቱ ይቆያል ወይ? ማስረጃው ለማሽኑ አያደላም። የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ግምገማ ወገብን በመሳብ ላይ የተሠሩ 32 ጥናቶችን አይቶ፣ ጥቅሙ ትንሽ ወይም ጭራሽ የለም አለ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ለቆየ የወገብ ሕመም መሳብን አልመከረም። የመከረው እንቅስቃሴንና ሕመሙን መረዳትን ነው።

ፊዚዮቴራፒ እዚህ ላይ ይበልጣል። አድካሚ ነው፤ ሥራው የባለሙያው ብቻ ሳይሆን የእርስዎም ነው። ባለሙያው ያጎነብስዎታል፣ ያቃናዎታል፣ እግርዎን ያነሳል፣ የቱ እንቅስቃሴ ሕመሙን እንደሚያብስ ያያል። ለምሳሌ በሆድ ተኝተው በክርን ደገፍ እንዲሉ ሊያደርግዎ ይችላል። እግር ድረስ ይወርድ የነበረው ሕመም ወደ ወገብ ከተሰበሰበ፣ ወገቡ ትንሽ ቢብስበትም ጥሩ ምልክት ነው። ያንን እንቅስቃሴ ቤትዎ ይዘውት ይሄዳሉ፣ ለዘለዓለም የእርስዎ ነው። ማሽኑን ግን ይዘው አይሄዱም።

ወጪውንም ያስሉት። ማሽኑ ያለው አዲስ አበባ ከሆነ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ፣ ከአንድ ወር በላይ አልጋ፣ ምግብ፣ ከሥራ መቅረት አለ። ለታመመ ወገብ ደግሞ ረጅም መቀመጥ ራሱ ፈተና ነው። ፊዚዮቴራፒ እዚሁ ከተማ በሳምንት ጥቂት ቀን እየተመላለሱ የሚያደርጉት ነው።

ታዲያ ማሽኑ ለማን? በእኔ እምነት ሕመሙ ከመቀመጫ እስከ እግር ጣት ለሚወርድበት፣ ሐኪም መርምሮት ዲስክ መሆኑ ለታወቀ፣ ለሳምንታት በትክክል እንቅስቃሴ ሠርቶ ላልተሻለውና ገንዘቡ ለማይጎዳው ሰው ብቻ ነው። ኤምአርአይ ላይ «ዲስክ ወጥቷል» መባል ብቻውን አይበቃም፤ ምንም የማያመው ሰውም ኤምአርአይ ሲነሳ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይታይበታል። የወጣ ዲስክ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በወራት ውስጥ ራሱ ይሰበሰባል።

ነፍሰ ጡር፣ አጥንቷ የሳሳ እናት፣ አከርካሪው ላይ ብረት የገባለት፣ ስብራት፣ ዕጢ ወይም የአከርካሪ ቲቢ ያለበት ሰው ማሽኑ ላይ መውጣት የለበትም። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ክብደት መቀነስ ከወገብ ሕመም ጋር ከመጣ መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ወጌሻም ይቅር። ሽንት ከከለከለ ወይም ካመለጠ፣ በእግሮች መካከል ከደነዘዘ፣ ሁለቱም እግሮች ከደከሙ ደግሞ የዚያኑ ሰዓት ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ድንገተኛ ክፍል ይግቡ። ቀዶ ሕክምና በሰዓታት የሚቆጠርበት ጊዜ አለ።

ማሽኑን ከመረጡ ሁለት ነገር ይጠይቁ። በዙር መክፈል ይቻላል? ከአምስት ስድስት ዙር በኋላ ለውጥ ከሌለ ቀሪው ይመለሳል? ሳይመረምሩዎት የሙሉ ጥቅሉን ክፍያ ከጠየቁዎት አይክፈሉ።