ገጹ ሰፊ ይሁን፦ የአውሮፓ ኮሚክ አልበሞች በእንግሊዝኛ፣ ከወራት ንባብ በኋላ

የአውሮፓ ኮሚክ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ማንበብ ፈልጎ «ከየት ልጀምር?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። መልሴ ሁሌም አንድ ነው። ታሪኩን ከመምረጥህ በፊት የገጹን ስፋት እይ እላለሁ። ወራት አብሬያቸው ቆይቼ ከሁሉ በላይ ልዩነት ሲያመጣ ያየሁት እሱን ነው።

ቤቴ ያሉት አራት ዓይነት ናቸው፤ ቲንቲን (ዓለምን የሚዞር ወጣት ጋዜጠኛ)፣ አስቴሪክስ (ሮማውያንን የሚያስቸግር የጥንቷ ፈረንሳይ ተዋጊ)፣ ብሌክ ኤንድ ሞርቲመር እና ኮርቶ ማልቴዜ። አብዛኞቹን ያመጣችልኝ ለንደን ያለችው እህቴ ናት። አዲስ አበባ በመጣች ቁጥር ሻንጣዋ ጥግ ላይ ሸጉጣ ታመጣለች። አልበም ከባድ ነው። ከአራት አምስት በላይ ከሆነ የሻንጣ ኪሎ ላይ ይሰማል። ስለዚህ የትኛው ይምጣ የሚለውን በደንብ አስቤበት ነው የማዛት።

አልበም ስል የአሜሪካኖቹን ስስ ወርሃዊ ኮሚክ ማለቴ አይደለም። በፈረንሳይና በቤልጂየም አንድ ታሪክ ብዙውን ጊዜ በ48 ገጽ ይወጣል፤ የመጽሐፉ ቁመትም ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል። የቲንቲን ታሪኮች ደግሞ 62 ገጽ ናቸው። ሠዓሊው ሲሥል ያንን ስፋት አስቦ ነው። አንድ ገጽ ላይ አሥር፣ አሥራ ሁለት የሥዕል ሣጥን ይደረድራል፤ እያንዳንዱ ሣጥን ውስጥ ደግሞ መንገዱ፣ መኪናው፣ የሱቁ መስኮት ሁሉ አለ። ይህን ሥራ አጥብበህ ስታትመው ጽሑፉ ያንሳል፣ መስመሩ ይደባለቃል፣ ዓይን ይደክማል።

በቲንቲን ላይ ይህን ጎን ለጎን አስቀምጬ አይቼዋለሁ። ስብስቡ በ8 ትንንሽ ጥራዝ በሣጥን ይሸጣል። በዋጋም በቦታም ያዋጣል፤ ለልጅ እጅም ይመቻል። የእህቴ ልጅ አልጋው ላይ ተኝቶ የሚያነበው እሱን ነው። ግን ጨረቃ ላይ የሚያርፉበትን ታሪክ በትልቁ አልበም ክፈቱት። የቲንቲን ደራሲና ሠዓሊ ኤርዤ ይህን ታሪክ በአልበም ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው (ቀጥሎ ያሉት ዓመቶችም እ.ኤ.አ. ናቸው)፤ ሰው ጨረቃን ከመርገጡ 15 ዓመት ቀድሞ። ሰማዩ ጥቁር ነው፣ ከዋክብት ተበትነውበታል፤ መሬቱ የተሰነጣጠቀ ባዶ ሜዳ ነው፤ ሰዎቹ ደቃቃ ናቸው። ትልቁ ገጽ ላይ ብቸኝነቱ ይሰማችኋል። ትንሹ ላይ ያው ሥዕል አለ፤ ብቸኝነቱ ግን የለም። ታሪኩን ብቻ ለማወቅ ትንሹ ይበቃል። ሥዕሉን ለማየት ትልቁ የግድ ነው።

ስለ ወረቀቱም ልበል። መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ባለ ቀለም አልበሞቹ ብዙዎቹ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ ነው የታተሙት። በስልክ መብራት ስታነቡ ነጸብራቁ ግማሹን ሣጥን ይሸፍናል። መብራቱን ከላይ ሳይሆን ከጎን ዝቅ አድርጋችሁ ያዙት፤ ያኔ ይሻላል። የኮርቶ ማልቴዜ ጥቁርና ነጭ ጥራዞች ላይ ግን እንዲህ አልተቸገርኩም። በሻማ ሳይቀር አንብቤያቸዋለሁ።

እንግሊዝኛው እንዴት ነው? ከአራቱ ቀላሉ ቲንቲን ነው። ሌስሊ ሎንስዴል ኩፐርና ማይክል ተርነር ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምረው የተረጎሙት ነው፤ አረፍተ ነገሩ አጭርና ጥርት ያለ ነው። የሚያስቸግረው የቲንቲን ወዳጅ ካፒቴን ሃዶክ ሲሳደብ ነው፤ መዝገበ ቃላት ያስፈልጋል። እሱም ቢሆን ደስ ይላል፤ ስድቡ ብልግና የሌለበት ስለሆነ ልጆች ጮክ ብለው ያነቡታል።

አስቴሪክስ ይከብዳል። ጎሲኒ ጽፎ ዩዴርዞ የሣለው ይህ ተከታታይ በ1959 በፈረንሳይ መጽሔት ላይ ሲጀምር አንስቶ በቃላት ጨዋታ የተሞላ ነው። እንግሊዝኛውን የሠሩት አንቲያ ቤልና ዴሪክ ሆክሪጅ የፈረንሳይኛውን ጨዋታ ቃል በቃል ለማሻገር አልሞከሩም። ቀልዱ በሚያስፈልግበት ቦታ ላይ ለእንግሊዝኛ የሚሆን ሌላ ቀልድ ፈጠሩ። ቅኔ የሚወድ ሰው የዚህን ሥራ ክብደት ያውቃል። እኔ በመጀመሪያው ንባብ ግማሹ አልፎኛል፤ በሁለተኛው ብዙ አገኘሁ፤ አሁንም ሳገላብጠው አዲስ ነገር አላጣም። በዚህ ረገድ ከገንዘቡ በላይ የሚሰጥ አልበም ነው። አንድ ምክር ግን አለኝ። ጎሲኒ በ1977 ሞቷል። ዩዴርዞ ከዚያ በኋላ ብቻውን የጻፋቸው በሥዕል አይታሙም፤ በታሪክ ግን ይወርዳሉ። ስለዚህ በጎሲኒ ጽሑፍ የተሠሩትን ቅድሚያ ስጧቸው። የጎሲኒ የመጨረሻው ቤልጂየም የሚሄዱበት ነው።

አሁን ወደሚያመኝ ነገር ልምጣ። የአስቴሪክስ የባሕር ዘራፊዎች መርከብ ላይ ከምሰሶው አናት ሆኖ የሚጠብቅ ጥቁር ሰው አለ። ከንፈሩ እንዴት እንደተሣለ አንዴ ካያችሁ አትረሱትም። የእህቴ ልጅ «ለምን እንዲህ ሣሉት?» ብሎ ጠየቀኝ። ቁጭ ብለን ተነጋገርን። በዚያ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ጥቁር ሰው በካርቱን የሚሣለው እንዲህ እንደነበር፣ የሣሉት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ እኛን በዓይናቸው ሳያዩ እንደነበር ነገርኩት። የቲንቲን የኮንጎ ታሪክ ደግሞ ከዚህም የከፋ ነው። ኤርዤ በ1930 ሲጀምረው ወጣት ነበር፤ ኮንጎን አላየም፤ አገሩ ቤልጂየም ግን ቅኝ ገዥዋ ነበረች። ባለ ቀለሙ የእንግሊዝኛ እትም በ2005 ሲወጣ ስለ ዘመኑ አመለካከት የሚያስጠነቅቅ ማስታወሻ ተደርጎበታል። እኔ ለልጅ አልገዛውም። ታሪክ የሚያጠና አዋቂ ይየው።

ግን ኤርዤ እዚያ ላይ አልቆመም፤ ይህም መነገር አለበት። ብሩክሰልስ ከሚማር ቻንግ ከሚባል ቻይናዊ ወጣት ጋር ከተዋወቀ በኋላ ስለ አንድ አገር ከመሣሉ በፊት መጠየቅና ማጥናት ጀመረ። ቻይና ውስጥ የሚካሄደው ብሉ ሎተስ የዚያ ፍሬ ነው። ግድግዳ ላይ የተለጠፉት የቻይንኛ ጽሑፎች ዝም ብለው የተጫጫሩ ምልክቶች አይደሉም፤ ሊነበቡ የሚችሉ እውነተኛ ጽሑፎች ናቸው። ቲንቲንን ከዚህ አልበም ብትጀምሩ ጥሩ ነው።

ከሁሉ በላይ የተመላለስኩበት ግን ኮርቶ ማልቴዜ ነው። ያለ መርከብ የሚዞር የመርከብ ካፒቴን ነው። ጣሊያናዊው ሁጎ ፕራት በ1967 ፈጠረው። አዲሱን የእንግሊዝኛ ትርጉም ዲን ሙላኒና ሲሞኔ ካስታልዲ ሠርተውታል፤ በ12 ጥራዝ ወጥቷል። መጠኑ ከኤ4 ወረቀት ትንሽ ሰፋ ይላል። ሽፋኑ ስስ ነው፤ ግን ወደ ውስጥ የሚታጠፍ ክንፍ አለው፤ ክንፉን እንደ ገጽ ምልክት እጠቀምበታለሁ። ከቀለሙ እትም ይልቅ ጥቁርና ነጩን ምረጡ። ፕራት በብሩሽ ጥቁር ቀለም ለቅልቆ ሁለት ሦስት ነጭ መስመር ይተዋል፤ እሱ ፊት ይሆናል፣ ወይም አሸዋ፣ ወይም የሚበር ወፍ። ቀለም ሲደረብበት ይህ ይጠፋል። አንድ ገጽ ሙሉ ማንም ሳይናገር የሚያልፍበት ጊዜም አለ። እዚያ ላይ አትቸኩሉ።

ለእኛ ደግሞ ሌላ ነገር አለው። ፕራት በ1937፣ ገና ልጅ ሆኖ፣ ከእናቱ ጋር ኢትዮጵያ መጥቷል። አባቱ የሙሶሊኒ ወታደር ነበር። እኛ አምስቱ ዓመት የጠላት ዘመን በምንለው ጊዜ ማለት ነው። በ1941 አባቱ በእንግሊዞች ተማረከ፤ በ1942 መጨረሻ ላይ እንደተማረከ በሕመም ሞተ። ልጁና እናቱ ድሬዳዋ ካምፕ ውስጥ ታሰሩ። ሁጎ እዚያ ከጠባቂዎቹ ኮሚክ ይገዛ ነበር። በኋላ በቀይ መስቀል በኩል ወደ ጣሊያን ተላከ። ይህን ካወቅኩ በኋላ ድሬዳዋን ሳስብ ከከዚራ ጥላና ከባቡር ጣቢያው ጎን፣ የታሰረ ልጅ ኮሚክ ይዞ ይታየኛል። ከጠላት ጋር መጣ፤ ይህን የሚያጥብ ሥዕል የለም። ግን ዓይኑን ጨፍኖ አልኖረም።

ከጥራዞቹ አንዱ በእንግሊዝኛ «ኢትዮጵያዊው» የሚል ርዕስ አለው። በውስጡ አራት ታሪኮች አሉ፤ ዘመኑ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ሲል፣ በ1918 ነው። ርዕሱን አይቶ ጎንደርን ወይም አዲስ አበባን የሚጠብቅ አንባቢ አያገኝም። የመጀመሪያው ታሪክ የመን ነው፣ ከቱርኮች ምሽግ ጋር። ሁለተኛው በእንግሊዝ ሶማሌላንድ ነው። የመጨረሻው የጀርመን ምሥራቅ አፍሪካ ይባል በነበረው፣ በዛሬዋ ታንዛኒያ ነው። ወደ እኛ ምድር የሚጠጋው ሦስተኛው ነው። በርዕሱ ቅር ተሰኝቻለሁ። በሰዎቹ ግን አልተሰኘሁም። ኩሽ የሚባል ተዋጊ አለ፤ ኩሩ፣ ግትር፣ በሃይማኖቱ የማይደራደር። ለኮርቶ ጋሻ ጃግሬው አይደለም። ይከራከረዋል፣ ይቆጣዋል፣ ሲፈልግ ትቶት ይሄዳል። ስለ ነጭ ሰው ያለውን አስተያየት ፊት ለፊት ይነግረዋል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአውሮፓ ኮሚክ ውስጥ አፍሪካዊን እንዲህ አድርጎ መሣል ትልቅ ነገር ነበር። ከመርከቡ ምሰሶ ላይ ካለው ሰው አጠገብ አስቀምጡና እዩት።

የኮርቶ እንግሊዝኛ ራሱ አይከብድም። የሚከብደው የማይነገረው ነው። ጦርነቱን፣ የቱርኮችንና የእንግሊዞችን ፉክክር በመጠኑ ማወቅ ይፈልጋል። ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አልሰጠውም። ሰው ይሞታል፤ የሚሞተውም ሁልጊዜ ክፉው አይደለም።

ብሌክ ኤንድ ሞርቲመርን ባጭሩ ልለፈው። ኤድጋር ጃኮብስ በ1946 የጀመረው የስለላና የሳይንስ ምናብ ታሪክ ነው። ሥዕሉ እጅግ ያምራል፤ ሌሊት ላይ ያለችው ለንደን በተለይ። ጽሑፉ ግን ይበዛል። ሥዕሉ የሚያሳየውን ነገር ከላይ በጽሑፍ ደግሞ ይነግራችኋል፤ ፊደሉም ደቃቅ ነው። መነጽር ያለው ሰው መነጽሩን ይያዝ። በአንድ ቁጭታ ለመጨረስ አትሞክሩ፤ እኔ ማታ ማታ ጥቂት ገጽ ሳነብ ነው የጣመኝ። በእንግሊዝኛ የሚያወጣው እንግሊዝ አገር፣ ካንተርበሪ ያለው ሲኒቡክ የሚባል አሳታሚ ነው፤ ከ2005 ጀምሮ ብዙ የፈረንሳይና የቤልጂየም ተከታታዮችን አምጥቷል። አንዳንዶቹን፣ ለምሳሌ ቶርጋልን፣ ከፈረንሳይኛው ባነሰ መጠን ነው የሚያትመው። ይህን ሳታዩ አትዘዙ።

በአያያዝ በኩል፣ ከወራት በኋላ ደረቅ ሽፋን ያላቸው እንደ አዲስ ናቸው። የስስ ሽፋኖቹ ጥግ ተጠቅልሏል፤ ከእነሱ አንዱ ጀርባው ላይ ሙጫው ተሰንጥቆ መሐል ያሉት ቅጠሎች ላልተዋል። በክር የተሰፋ ከሆነ ይቆያል፤ ስትገዙ መሐሉን ከፍታችሁ ክሩን ፈልጉ። መደርደሪያ ላይ አቁሟቸው፤ እላይ በላይ ሲደረደሩ የታችኛው ሽፋን ይጣበቃል፣ በተለይ በክረምት። ማዋስ ላይ ጨካኝ ሆኛለሁ። ቤት መጥቶ፣ ቡና እየጠጣ ማንበብ ለሚፈልግ ሰው ግን በሬ ክፍት ነው። ብዙ ጓደኞቼ የጀመሩት እንደዚያ ነው።

ልትገዙ ከሆነ ለልጅ ብሉ ሎተስን ወይም የጨረቃውን፣ ለሚስቅ አዋቂ የጎሲኒን አስቴሪክስ፣ ታሪክ ለሚወድ ኮርቶን። ሽፋኑ ላይ ባለው ቁጥር አትመሩ። በሲኒቡክ ቁጥር 1 የሆነው የብሌክ ኤንድ ሞርቲመር አልበም በጃኮብስ ቅደም ተከተል ሦስተኛው ታሪክ ነው፤ ለብቻው ስለሚነበብ ግን ችግር የለውም። የጨረቃው ጉዞ ሁለት አልበም ነው፤ ግብፅ ውስጥ የሚካሄደው የታላቁ ፒራሚድ ታሪክም እንደዚሁ። የመጀመሪያው መሐል መንገድ ላይ ነው የሚያቆመው። ሁለተኛው እጃችሁ እስኪገባ የመጀመሪያውን አትክፈቱት።