የኒውታውን ክሪክ የእግር መንገድ፦ ፍሳሹ ተከብሯል፣ ሠራተኛውስ?

በኒውዮርክ ከተማ፣ ብሩክሊን ውስጥ ግሪንፖይንት በሚባለው ሰፈር የሚገኘው የኒውታውን ክሪክ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ከከተማዋ 14 ማጣሪያዎች ትልቁ ሲሆን፣ ከማንሃተን፣ ከብሩክሊንና ከኩዊንስ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነዋሪዎች የሚወጣውን ፍሳሽ ይቀበላል። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የከተማዋ ሕግ ከመንግሥት ግንባታ ወጪ 1 በመቶው ለሥነ ጥበብ እንዲውል ስለሚያዝ፣ ጣቢያው ሲታደስ ቀራጺው ጆርጅ ትራካስ ከጣቢያው ጎን፣ በውኃው ዳር፣ ለሕዝብ ክፍት የሆነ የእግር መንገድ ሠራ። መንገዱ በ2007 ተከፍቶ ኋላም ተራዝሟል። መግቢያው በነጻ ነው።

ሰው ለሽርሽር ይመጣበታል ተብሎ በማይገመት ቦታ እንዲህ ያለ ሥራ መኖሩ በራሱ የሚያስመሰግን ነው። ከፕሮቮስት ጎዳና የገባ ጎብኚ መጀመሪያ የሚያልፈው የመርከብ ጎኖችን በሚያስታውሱ፣ ክብ መስኮቶች በተበሱባቸው ረጃጅም የኮንክሪት ግድግዳዎች መካከል ነው። ከዚያ ሲወጣ ዌል ክሪክ የተባለውን ትንሽ የውኃ መግቢያ ያገኛል፤ ሰፋፊ የግራናይት ደረጃዎችም እስከ ውኃው ድረስ ይወርዳሉ። በደረጃዎቹ ላይ የሕይወትን የዝግመተ ለውጥ ጉዞ የሚያመለክቱ ስሞች ተቀርጸዋል፤ በሌላ ሥፍራ ደግሞ ሌናፔ የተባሉት የአካባቢው ነባር ሕዝቦች ይጠሩባቸው የነበሩ የቦታ ስሞች በድንጋይ ላይ ይነበባሉ። የቆሻሻ መጣያዎቹ እንኳ የቀድሞውን የበርሜል ሥራ እንዲያስታውሱ ሆነው ተሠርተዋል። ጣቢያው ስሙን ካገኘበት ከኒውታውን ክሪክ ወንዝ ማዶ የቁርጥራጭ ብረት ክምር፣ ከዚያ ወዲያ የማንሃተን ሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎች ይታያሉ፤ ትራካስ ይህን ሁሉ ሳይሸፋፍን ለተመልካች ማቅረቡ የሥራው ትልቁ ብልሃት ይመስለኛል። ውኃው በነዳጅ መፍሰስና በፋብሪካ ዝቃጭ ክፉኛ የተበከለ በመሆኑ የፌዴራሉ መንግሥት በ2010 በልዩ ሁኔታ ከሚጸዱ ሥፍራዎች ዝርዝር አስገብቶታል፤ ስለዚህ ደረጃው ወደ ውኃው ይጋብዛል እንጂ ማንም እግሩን እንዲነክር አይመከርም።

ከአጥሩ በላይ ጎልተው የሚታዩት ከ40 ሜትር በላይ ቁመት ያላቸው ስምንት የማይዝግ ብረት ለባሽ ማብላያዎች ናቸው፤ በቅርጻቸው ምክንያት ሁሉም ሰው «እንቁላሎቹ» ይላቸዋል። በውስጣቸው ኦክስጅን በሌለበት ሙቀት ባክቴሪያዎች ዝቃጩን እየበሉ ሚቴን ጋዝ ያመነጫሉ። ኤርቬ ዴኮት የተባለው የብርሃን ባለሙያ ባቀደው ሰማያዊ ብርሃን ሌሊት ሲያበሩ ከሩቅ ይታወቃሉ። ጫፎቻቸውን የሚያገናኝ በመስታወት የተሸፈነ መተላለፊያም አለ።

ቅሬታዬ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ድንጋዩ ላይ ሕዋሳት፣ ነባር ሕዝቦች፣ መርከበኞችና በርሜል ሠሪዎች ቦታ አግኝተዋል፤ በዚያ መተላለፊያ ላይ በፈረቃ የሚመላለሰው፣ «ዋይፕስ» የሚባለው እርጥብ ሶፍት ወንፊቱን ሲዘጋው የሚያጸዳው፣ ፓምፕ ሲቆም ሌሊት የሚጠራው ሠራተኛ ግን የለም። ጎብኚው ማሽኑን አድንቆ፣ የሚያንቀሳቅሰውን ሰው ሳያስብ ሊወጣ ይችላል። ይህን የምለው ሐውልት ይቁም ለማለት አይደለም፤ በዩኒፎርም የቆመ የነሐስ ሰው ከዚህ ሥራ ጋር የሚስማማ አይመስለኝም።

ሌላ መንገድ እንዳለ በዚያችው ከተማ አስቀድሞ ታይቷል። አርቲስቷ ሚርል ላደርማን ዩኬልስ በ1979 እና በ1980 የኒውዮርክን 8,500 የደረቅ ቆሻሻ ሠራተኞች አንድ በአንድ እየጨበጠች «ኒውዮርክን በሕይወት ስላቆዩ አመሰግናለሁ» ብላቸዋለች። ሠራተኞቹ የሌላ መሥሪያ ቤት ናቸው፣ ሥራውም ክንዋኔ እንጂ ግንባታ አይደለም፤ ሆኖም ሠራተኛው ራሱ የሥራው መካከል ሆኖ መታየቱ ትራካስ የተወውን ክፍተት በግልጽ ያሳያል።

ክፍተቱን በከፊል የሚሞላው ጣቢያው የሚያዘጋጀው ጉብኝት ነው። ከሁሉም የታወቀው በፌብሩዋሪ አጋማሽ በሚውለው የፍቅረኞች ቀን የሚደረገው ሲሆን (አዎ፣ ጥንዶች ፍሳሽ ሊያዩ ይሰለፋሉ)፣ ጎብኚዎች እስከ እንቁላሎቹ ጫፍ ይወጣሉ፤ የሚያስረዱትም ሥራውን የሚያውቁት የጣቢያው ባልደረቦች ናቸው። ስለ ወንፊቱ፣ ስለ ዝቃጩና ስለ ዝናብ ቀን ጭንቀት ከእነርሱ አፍ የሚሰማው ድንጋዩ ላይ ከተጻፈው ይበልጣል። ምርጫ ያለው አንባቢ ለጉብኝቱ አስቀድሞ እንዲመዘገብ፣ መንገዱን ደግሞ ከዚያ በኋላ እንዲዞር እመክራለሁ። በጂ መስመር ባቡር ግሪንፖይንት አቬኑ ጣቢያ ወርዶ በእግር መድረስ ይቻላል። መንገዱ ቀን ቀን እንጂ ሌሊት ክፍት ስላልሆነ፣ ሰማያዊውን ብርሃን ማየት የሚፈልግ ከአጥሩ ውጪ መቆም አለበት።