ለበረሮው የተዋጣለት፣ ለአይጡ የግማሽ ሥራ

በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየሞች ተባይ ማጥፋት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ርጭትን ነው፤ ባለሙያው መርጫውን አዝሎ ይመጣል፣ ቤተሰቡ ዕቃውን ሸፍኖ ይወጣል፣ ሽታው ግን ቶሎ አይለቅም። እኛ የጠራነው ድርጅት በረሮውን የሚያጠፋው ያለ ርጭት፣ በጄል ነው፤ በዚህ በኩል ሥራውን ያለማመንታት አመሰግናለሁ።

ባለሙያው ጄሉን በሲሪንጅ እየጨመቀ፣ የምስር ክክ በምታህል ጠብታ፣ በካቢኔቱ ማጠፊያዎች፣ ከፍሪጁ ሞተር ጀርባና ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ባሉት ስንጥቆች አኖረው። በረሮው እንዳይሸሽም በዚያ ሰሞን የሚነፋ ፀረ-ተባይ እንዳንጠቀም አስጠነቀቀን። ጄሉን የቀመሰ በረሮ ወዲያው አይሞትም፤ ወደ መደበቂያው ይመለስና እዚያ ሲሞት፣ ሌሎቹ ኩሱንና በድኑን በልተው መርዙን ይጋሩታል። የጀርመን በረሮ የሚባለው ትንሹ ቡናማ በረሮ ግን ከ30 እስከ 40 እንቁላል የሚይዝ ከረጢቱን ሊፈለፈል እስኪቃረብ ድረስ ተሸክሞ ስለሚዞር፣ አንድ ዙር ብቻውን አይበቃም። ድርጅቱ ይህን አውቆ ሁለተኛውን ዙር ያለ ተጨማሪ ክፍያ መሥራቱ ትልቅ ነገር ነው።

የአይጡ ሥራ ግን እንዲህ አልነበረም። ብሮማዲዮሎን የተባለውን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መርዝ ቁልፍ ባለው ሳጥን ውስጥ ማስቀመጣቸው፣ ልጆች ላሉበት ቤት ተገቢ ጥንቃቄ ነው። ነገር ግን የማጠቢያው ቧንቧ በግድግዳው የሚያልፍበትን፣ አውራ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ዞር ብሎ ያየው አልነበረም፤ የቤት አይጥ ግልገል ደግሞ 6 ሚሊ ሜትር በሆነ ቀዳዳ ሾልኮ ይገባል። መርዙ የሚገድለው ከቀናት በኋላ በመሆኑ አንዷ አይጥ ከኮርኒሱ በላይ ሞታ ሸተተችን፤ ሌሎችም በዚያው ቀዳዳ መግባታቸውን ቀጠሉ። ቀዳዳውን እንዲደፍኑልን ስንጠይቅ «የቧንቧ ሠራተኛ ሥራ ነው» አሉ፤ ይህ መልስ አላሳመነኝም፤ በድስት መፈግፈጊያ ሽቦና በጥቂት ሲሚንቶ የሚያልቅ ነገር ነውና።

የመርዙን ስም በደረሰኙ ላይ የጻፉልንም አጥብቀን ከጠየቅን በኋላ ነው። ልጅ በስህተት ቢውጠው ሐኪሙ ቫይታሚን ኬ1 መስጠት እንዳለበት የሚያውቀው በስሙ ስለሆነ፣ ይህ በደንበኛው ጉትጎታ የሚገኝ መሆን አልነበረበትም። ለበረሮ ደግሜ እጠራቸዋለሁ፤ ለአይጥ የሚጠራቸው ግን ቀዳዳ መድፈን በስምምነቱ ውስጥ እንዲካተት ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ይነጋገር።