በአምራቹ የተረጋገጠ ያገለገለ መኪና፦ ከ14 ወራት አገልግሎት በኋላ

ከ14 ወራት በፊት የገዛሁት መኪና በአምራቹ የማረጋገጫ መርሐ ግብር ያለፈ፣ ያገለገለ የቤት መኪና ነው። ስረከበው ለመጀመሪያ ጊዜ ከተሸጠ 3 ዓመት ከ2 ወር ሆኖት 41,000 ኪሎ ሜትር ተነድቶ ነበር፤ ዛሬ 63,000 አልፏል። ይህን ግምገማ እስካሁን ያዘገየሁት የማረጋገጫው ጥቅም የሚታወቀው በርክክቡ ዕለት ሳይሆን መኪናው ሲበላሽ ነው ብዬ ስለማምን ነው፤ የእኔም ተበላሽቷል።

ወደዚህ ምርጫ የገፋኝ ከዚህ በፊት ከግለሰብ የገዛሁት መኪና ነው። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ወደኋላ ተመልሶ እንደነበር የተረዳሁት ከ7 ወር በኋላ፣ ካምቢዮው መንሸራተት ሲጀምር ነበር። የፍሬን ፔዳሉ ላስቲክ ተበልቶ፣ የመሪው ቆዳ በእጅ ብዛት አብረቅርቆ እያየሁ ቆጣሪው ላይ የተጻፈውን አነስተኛ ቁጥር አምኜ ነበር። ችግሩ ሲገለጥ የምጠይቀው አካል አልነበረም። የጥገናው ወጪ ከአቅሜ በላይ ሆኖ መኪናውን በኪሳራ ሸጥኩት፤ ጉድለቱን ግን ለገዢው ሳልደብቅ ነግሬዋለሁ።

በአምራቹ የተረጋገጠ ማለት መኪናውን ያመረተው ድርጅት ባወጣው መስፈርት በወኪሉ ጋራዥ ተፈትሾ፣ ጉድለቱ ተስተካክሎ፣ ዋስትናውም በአምራቹ ስም የተሰጠ ማለት ነው። አንድ መኪና ሻጭ በራሱ ፈቃድ «የተረጋገጠ» ብሎ የሚለጥፈው ምልክት ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው፤ እንዲህ ያለው ዋስትና የሚቆመው በሻጩ ወይም በሌላ የዋስትና ድርጅት ላይ ስለሆነ፣ ሻጩ ሱቁን ቢዘጋ ገዢው ሊቸገር ይችላል። የፍተሻ ነጥቦች ብዛትም ብቻውን ብዙ አይነግርም። በአሜሪካ የቶዮታ መርሐ ግብር 160፣ የሆንዳ ደግሞ 182 ነጥቦችን ይቆጥራል፤ ነገር ግን አንዱ በሦስት መስመር የሚዘረዝረውን ሌላው በአንድ መስመር ሊጠቀልለው ስለሚችል፣ እኔ ከቁጥሩ ይልቅ የተሞላውን ቅጽ ማየት መረጥኩ።

ያንን ቅጽ አንድ ሰዓት ያህል ተቀምጬ አነበብኩት። የፊት ፍሬን ሸራዎች ውፍረት 5 ሚሊ ሜትር ተብሎ ተመዝግቧል፤ አዲስ ሸራ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር እንደሚሆንና 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲደርስ መቀየር እንዳለበት ስለማውቅ ብዙ እንደማይቆይ ያኔውኑ ገባኝ። ጎማዎቹ ላይ የታተመውን ባለ አራት አሃዝ የምርት ቁጥር ራሴ አነበብኩ፤ ለምሳሌ 2321 ማለት እ.ኤ.አ. በ2021 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው፤ አራቱም የተቀራረበ ጊዜ ምርት ነበሩ። 17 ፊደላትና አሃዞች ባሉት የሻንሲ ቁጥር አማካይነትም አምራቹ መኪናውን ለጥገና የጠራባቸው ጉድለቶች ተስተካክለው እንደነበር አሳዩኝ። ከሁሉም በላይ ልቤን ያሳረፈው የሰርቪስ መዝገቡ ነው፤ ዘይት የተቀየረበት እያንዳንዱ ቀን ከቆጣሪው ንባብ ጋር ስለተጻፈ፣ ቁጥሩ ዘለለ ወይም ወደኋላ ተመለሰ የሚያሰኝ ክፍተት አልነበረውም።

በአምስተኛው ወር፣ ረጅም ዳገት ስወጣ የሙቀት መለኪያው ከወትሮው ከፍ አለ። ወዲያውኑ ዳር ይዤ ሞተሩን አጠፋሁ፤ ምክንያቱም ከመጠን በላይ የሞቀ ሞተር ትንሽ ከተነዳ እንኳ የሞተሩ ጭንቅላት ሊጣመም፣ ጋስኬቱም ሊቃጠል ይችላል። ከሞተሩ ሥር የማቀዝቀዣው ፈሳሽ ይንጠባጠብ ነበር። በዋስትናው ውስጥ የመንገድ ላይ እርዳታ ስለተካተተ መኪናው ተጭኖ ወደ ጋራዡ ሄደ፤ የውሃ ፓምፑ ማሸጊያ ማለቁ ታወቀና ፓምፑ በአዲስ ተቀየረ። ሦስት ቀን ምትክ መኪና ተሰጠኝ፣ ምንም አልከፈልኩም። ማረጋገጫው ፓምፑ እንዳይበላሽ አላደረገም፤ እንዲህ ያለውን ጉድለት አስቀድሞ ማየት የሚችል ፍተሻም ያለ አይመስለኝም። ልዩነቱ በዚያ ዳገት ላይ ቆሜ ለማን እንደምደውል ማወቄ ነበር፤ ለቀድሞው መኪናዬ ያጣሁት ይህንኑ ነው።

በዘጠነኛው ወር የፍሬን ሸራዎቹ አለቁ፤ ወጪውን ሙሉ በሙሉ የሸፈንኩት እኔ ነኝ። ሸራ፣ ጎማ፣ የዝናብ መጥረጊያና የመሳሰሉት በአገልግሎት የሚያልቁ ዕቃዎች በአብዛኛው ከዋስትና ውጭ ናቸው፤ ቅጹን ስላነበብኩ አላስደነገጠኝም።

ሊገዛ ያሰበ ሰው በጥብቅ እንዲያጣራ የምለምነው የዋስትናው ዘመን ከየትኛው ቀን እንደሚቆጠር ነው። የእኔ የሞተርና የካምቢዮ ዋስትና 7 ዓመት ይላል፤ የሚቆጠረው ግን መኪናው አዲስ ሆኖ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተሸጠበት ዕለት ነው። ስለዚህ ለእኔ የደረሰኝ 3 ዓመት ከ10 ወር ብቻ ነበር። አብዛኛውን ክፍል የሚሸፍነው ሰፊው ዋስትና ግን ከገዛሁበት ቀን ጀምሮ 12 ወር ነው። ይህን ሻጩ አልደበቀኝም፣ እኔ እስክጠይቀው ድረስም አላነሳውም።

ዋጋው ከግለሰብ ከሚገዛ ተመሳሳይ መኪና ከፍ ይላል፤ ምርጫውም ጠባብ ነው፤ ዕድሜያቸው የገፋና ብዙ የተነዱ መኪኖችን መርሐ ግብሮቹ አይቀበሉም። የሚያምነው ጎበዝ መካኒክ ያለውና የቀድሞውን ባለቤት በቅርብ የሚያውቅ ሰው ያለ ማረጋገጫ ቢገዛ አልቃወመውም። እኔ ሁለቱም አልነበሩኝም።

ሰፊው ዋስትና ሊያበቃ አንድ ወር ሲቀረው መኪናውን ወስጄ ከላይ እስከ ታች እንዲፈትሹልኝ ጠየቅሁ። ከኋላ በኩል ያለው የግራ ሾክ አብዞርበር ዘይት ማንጠባጠብ ጀምሮ ስለነበር በዋስትናው ተቀየረልኝ፤ እኔ ስነዳው ምንም አልተሰማኝም ነበር። አሁን የቀረኝ የሞተርና የካምቢዮ ዋስትና 2 ዓመት ከ8 ወር ሲሆን፣ እሱም ከማብቃቱ አንድ ወር አስቀድሜ ተመሳሳይ ፍተሻ ለማስደረግ ቀኑን ጽፌ በሰርቪስ መዝገቡ ውስጥ አስቀምጫለሁ።